ልጁን ማን ያዘው? የመምህርት ትርንጎ አለምነህ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ትርንጎ አለምነህ ከአባታቸው ከአቶ አለምነህ ወልደኢየሱስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዝናሽ ባህሩ፣ ኅዳር 21 ቀን 1949 ዓ.ም. በደምቢያ፣ ከኮላ ድባ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የገበሬ መንደር ተወለዱ። በመንደሯ ተወለዱ ይባል እንጂ ትክክለኛው ቦታ መንገድ ዳር ነው። ወይዘሮ ዝናሽ የማርያምን በዓል አክብረው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ምጥ ቀደማቸውና ልጃቸውን ከሾላ ዛፍ ሥር ተገላገሉ። የመንደሩ አሮጊቶች ከዚያ ወዲህ ትርንጎ ያደረጉትን ሁሉ በዚህ ሲያስረዱ ኖረዋል። መንገድ ላይ የተወለደችን ልጅ ቤት አያስቀምጣትም ይሉ ነበር።

ይህን ታሪክ የጻፈችው ብቸኛ ልጃቸው ሰሎሜ ቢያዝን ናት። ወጉ የሕይወት ታሪክ እንደ ሩቅ ሰው እንዲጻፍ ስለሚያዝዝ ስለ ራሷም “ሰሎሜ” እያለች ትጽፋለች። ረቂቁን ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ አይቶት ነበር። የ1968 ዓ.ም. ነገር እንዲወጣና በምትኩ “ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ጎንደር ተዛወሩ” ተብሎ እንዲታለፍ ሽማግሌዎቹ በትሕትና ጠይቀዋል። በቀብር ቀን ገመና አይነሳም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሟቿ ግን ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ሰሎሜን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ “ልጁን ማን እንደያዘው ሳትጽፊ እንዳታልፊ” ብለው ቃል አስገብተዋታል። ስለዚህ አልወጣም። የሚቀየም ካለ የሚቀየመው ሰሎሜን ይሁን።

አባታቸው አቶ አለምነህ ጥሩ አራሽ ነበሩ፤ ከዚያ ይበልጥ ግን ተሟጋች ነበሩ። ከእናታቸው በወረሱት ርስት ከአጎታቸው ልጆች ጋር አስራ አንድ ዓመት ተካሰዋል። ከፍርድ ቤት ወረቀት በመጣ ቁጥር ሊያስነብቡ ወደ ከተማ ይወርዳሉ፤ ያነበበላቸውን ሰው ደግሞ ባላጋራዬ ገዝቶታል ብለው ይጠረጥራሉ። በመጨረሻ ከራሳቸው ቤት አንድ ሰው ፊደል እንዲቆጥር ወሰኑ። ወንዶቹ ለእርሻ ይፈለጋሉ። ትርንጎ ግን ምንም ሥራ ቢሰጧቸው ግማሹን ትተው ወደ ሌላው የሚሄዱ ልጅ ስለነበሩ ብዙም አይጎድሉም ተባለና በ1957 ዓ.ም. ኮላ ድባ ትምህርት ቤት ገቡ።

በአስራ አንድ ዓመታቸው የመንደሩ አንባቢ ሆነው ነበር። የፍርድ ቤት መጥሪያ ቢሆን፣ ወታደር ልጅ የላከው ደብዳቤ ቢሆን፣ የሞት ወሬ ቢሆን ወደ እሳቸው ይመጣል። እሳቸው ቆመው ያነባሉ፤ ሰዉ ተቀምጦ ይሰማል፤ እንደ ወረቀቱ እልል ይላል ወይም ደረቱን ይመታል። መጽሐፍ የሚባል ነገር ከዳዊትና ከገድል ውጭ በዚያ አገር አልነበረም። ወረቀት ይዞ የሚናገር ሰው የእውነተኛ ሰው ጉዳይ ነው የሚናገረው። ይህ ነገር ኋላ ጎንደር ድረስ ተከትሏቸው ስለሄደ ሰሚው በልቡ ይያዘው።

ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረሱ፣ በ1964 ዓ.ም.፣ በአስራ አምስት ዓመታቸው ከአቶ ቢያዝን ጋር በሰማንያ ተጋቡ። ሰሎሜ በሚያዝያ ወር 1966 ዓ.ም. ተወለደች። አቶ ቢያዝን ደግ ሰው ነበሩ። አልመቱም፣ አልሰከሩም፣ ሚስታቸውን አላስራቡም። ነገሩን ለማስረዳት የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ክፉ ባል ቢኖር ታሪኩ በሁለት መስመር ባለቀ ነበር። መምህርት ትርንጎ ራሳቸው ስለዚያ ዘመን ሲናገሩ የሚያነሱት አንድ ነገር ብቻ ነው። ቤታቸው ውስጥ ጽሑፍ ያለበት ነገር ስኳር የተጠቀለለበት አንድ የጋዜጣ ቁራጭ ብቻ ነበር። ስለ ዘይት መጭመቂያ የሚያወራ ነበር፤ መጨረሻው ተቀዷል። ያንን ቁራጭ ሁለት ዓመት አነበቡት።

መስከረም 1968 ዓ.ም.፣ በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ የአንድ ዓመት ከአምስት ወር ልጃቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት ሄዱ። የጎረቤት ልጅ አዝመራ የአስራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ነበሩ፤ ጌሾ ይወቅጡ ነበር። ትርንጎ፣ “ገበያ ደርሼ እስክመለስ ያዥልኝ” አሏቸው። አዝመራ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራርገው ልጅቱን ተቀበሉ። ትርንጎ ገበያውን አልፈው ወደ ጎንደር በምትሄድ የእህል ማኪና ላይ ተሳፈሩ። አስቀድመው አቅደውት እንደሆነ ሰሎሜ ስንት ጊዜ ጠይቃቸዋለች። መልሳቸው ሁልጊዜ ልዩ ነበር። አንድ ቀን አቅጄው ነበር ይላሉ፤ ሌላ ቀን ማኪናዋ ቆማ ስላየኋት ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ጎንደር ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጽዳት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ፤ ማታ ማታ ይማሩ ጀመር። ያ ዘመን በጎንደር ምን ዓይነት እንደነበር እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ወጣት ሆኖ ማታ መንገድ መታየት ራሱ ያስጠይቅ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ባምላክ ከጓዳው ከከረጢት ሥር የደበቁት አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ነበር። ከለውጡ በፊት እዚያ ታስተምር የነበረች አሜሪካዊት ስትሄድ የተወችው ነው። የአሜሪካ መጽሐፍ ይዞ መገኘት ጣጣ ስለነበረው አቶ ባምላክ ሊያቃጥሉት ፈልገው እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ትርንጎ ሲጠርጉ አገኙት። ሰላሳ አራት መጻሕፍት፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች የጻፏቸው ልብወለዶች።

በመዝገበ ቃላት፣ ቃል በቃል፣ አንዱን መጽሐፍ በስምንት ወር ጨረሱ። የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ አዲስና ንጹሕ ቤት፣ ደግ ባልና የሚሠራ የልብስ ማጠቢያ መኪና ስላላት፣ ነገር ግን መቀመጥ ስላቃታት ሴት ነበር። ኋላ ለተማሪዎቻቸው ሲናገሩ፣ ያንን መጽሐፍ ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ሳይሆን በደምቢያኛ ነው ይሉ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ማትሪክ አለፉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1978 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ከዚያ በኋላ ያለውን የሥራ ዘመናቸውን በቅደም ተከተል መጻፍ ያደክማል። ሳንጃ ተመደቡ፤ አንድ ዓመት ተኩል። ደባርቅ፤ ሁለት ዓመት። ጎንደር፤ ስምንት ወር። እንደገና አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪ። ጎንደር ከተማ ውስጥ ብቻ አስራ ሦስት ጊዜ ቤት ቀይረዋል፤ ከሳሙና በር ወደ አዲስ ዓለም፣ ከአዲስ ዓለም ወደ አዘዞ፣ ጥሩ አከራይ ሲያገኙ ደግሞ በፍጥነት። ክፍል ገብተው ወንበር ላይ ሲቀመጡ ያየ ተማሪ የለም። ሌላ ትዳርም አልያዙም፤ ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም። ወደ ሁሉም አገር ሄደዋል። ያልሄዱት ከጎንደር ከአንድ ሰዓት ብዙ ወደማይርቀው ኮላ ድባ ብቻ ነው። ደብዳቤም አልጻፉም። ብጽፍስ ማን ያነብላቸዋል ይሉ ነበር። ሳንጃ ሲመደቡ ሰሎሜ ራሷ አራተኛ ክፍል ስለነበረች ይህ ሰበብ ነው።

የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፋቸው የተሠራው በዘመናዊት አሜሪካ ሴት ደራሲያን ልብወለዶችና በወጡበት ማኅበራዊና ታሪካዊ ሁኔታ ላይ ነው። በ1985 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ማስተማር ጀመሩና ይህንኑ ትምህርት ለሃያ ሁለት ዓመት አስተማሩ። ልብወለድን ከዘመኑ ነጥሎ ማንበብ ሰውን ከዘመዱ ነጥሎ እንደመጠየቅ ነው የሚል እምነት ነበራቸው። ስለዚህ መጽሐፉ ከመከፈቱ በፊት ተማሪው ስለ ዘመኑ ይጠየቃል። አሜሪካኖች በጦርነቱ ጊዜ ሴቶችን ወደ ፋብሪካ ጠሩ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ቤታችሁ አሏቸው። መምህርት ትርንጎ ከዚያ መጽሐፉን ብድግ አድርገው፣ ይህቺ ሴት እንቅልፍ ያጣችው ለዚህ ነው ይላሉ። በእኛ አቆጣጠር እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በእነሱ አገር ያገባች ሴትን ባንክ ያለ ባሏ ፊርማ አላበድርም ቢላት ከልካይ ሕግ አልነበረም ሲሉ ተማሪው አያምናቸውም ነበር። የአባቴ እናት በስማቸው ርስት ነበራቸው፣ አባቴም የተሟገቱት በእሱ ነው፤ ማን ነው ኋላ ቀር? ብለው ይጠይቃሉ። ወዲያው ደግሞ፣ አትኩሩ፤ እኚያው አያቴ በዘጠኝ ዓመታቸው ተድረዋል ብለው ክፍሉን ያቀዘቅዙታል።

የፈተናቸው የመጨረሻ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር። ባለታሪኳ ከቤት ስትወጣ ልጁን ማን ያዘው? ደራሲዋ ነግራናለች? ካልነገረችን ለምን? ተማሪዎች መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ መምህርት ማን ያዘው የሚል ቅጽል ስምም አወጡላቸው። ውሎ አድሮ ግን ጥያቄው መጽሐፉን ይገለብጠዋል። ነጯ ሴት ራሷን ፍለጋ ስትወጣ ልጇን ይዛ የቆየችው ጥቁር ሠራተኛዋ ናት። የሠራተኛዋን ልጅስ ማን ያዘው? እሱን ለማወቅ ጥቁሮቹ ሴቶች የጻፉትን አንብቡ፤ እዚያ ተጽፏል ይሏቸው ነበር። ይህን ጥያቄ ከየት እንዳመጡት የጠየቀ ተማሪ የለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው።

አሁን ወደ 1988 ዓ.ም. እንመጣለን። በዚያን ጊዜ መምህርት ትርንጎ አዲስ ዓለም ይኖሩ ነበር፤ በየወሩ በሃያ አንድ ቀን የሚሰበሰብ የሴቶች የማርያም ማኅበርም ገብተው ነበር። ቄሱ ባርከው ከሄዱ በኋላ ሴቶቹ ጥቂት ተቀምጠው ይጫወታሉ። መምህርት ትርንጎ መቀመጥ ስለማይሆንላቸው፣ አንድ ቀን ከቦርሳቸው ወረቀት አውጥተው፣ ከመጽሐፍ የገለበጡትን እንግሊዝኛ እያዩ በአማርኛ ቆመው ይነግሯቸው ጀመር። በወር አንድ ምዕራፍ ሆነ። ታሪኩ ልድያ ስለምትባል አሜሪካዊት ነው። ድርቅና አቧራ እርሻቸውን በላባቸው፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ቀረ። ልድያ የሦስት ዓመት ሴት ልጇን ለባሏ እኅት ሰጥታ ወደ ከተማ ሄደች። ልብስ ፋብሪካ ገብታ የወታደር ካፖርት ትሰፋለች። ለመጪው ጸደይ እሄዳለሁ ትላለች፤ ጸደይ ይመጣል፣ ትቀራለች። በየዓመቱ ለልጇ አንድ ካፖርት ትሰፋለች። ልኳን ስለማታውቅ በግምት፣ ካለፈው ዓመት ጥቂት ከፍ አድርጋ። ግን አትልከውም።

ማኅበርተኞቹ አስራ አራት ወር ሙሉ ይህን ሰሙ። ልድያ ታመመች ሲባል ለማርያም ተሳሉላት። ዘንድሮስ ሄደች ወይ? ብለው መንገድ ላይ አስቁመው ይጠይቋቸዋል። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የሚሏቸው፣ ወይዘሮ እጅጋየሁ ደግሞ፣ ጓደኛሽን እንዲህ በያት፣ ልኩን እንጃ ብላ አትቅር፣ ልጅ በትልቅ ልብስም ያድጋል ብለው አደራ አሉ። መምህርት ትርንጎ እሺ እነግራታለሁ አሉና ሳቁ። መጽሐፍ መሆኑን አለመናገራቸው ያኔ ስህተት አልመሰላቸውም። እንግሊዝኛ ወረቀት ይዛ ቆማ በአማርኛ የምትናገር ሴት ደብዳቤ ታነባለች እንጂ ሌላ ምን ታደርጋለች? ያንን ከማንም በላይ ሊያውቁ የሚገባቸው እሳቸው ነበሩ።

በአስራ አራተኛው ወር ልድያ ሞተች። በተከራየችው ክፍል፣ በሳንባ በሽታ፤ ሰባቱ ካፖርት በምስማር ላይ እንደተሰቀለ። መምህርት ትርንጎ እንደ ልማዳቸው ቆመው፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ አነበቡና ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ሴቶቹ የቀዱትን ጠላ ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ። መምህርት ትርንጎ መጨረሻው አልጣማቸውም ብለው አዘኑ።

በማግሥቱ ጠዋት በር ሲከፍቱ ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተክሏል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ሴቶቹ ትናንት እርስ በርስ ተማክረው፣ ይህቺ ምስኪን የጓደኛዋን መርዶ ለራሷ ራሷ አነበበች፤ ሐዘኗን በሆዷ ይዛ አደረች ብለው፣ እድሩን አስነሥተው ነበር። የእድሩ ዳኛ አቶ አንዳርጋቸው ደንብ የሚያከብሩ ሰው ስለነበሩ ነገሩን መዝነውታል። ጓደኛ ዘመድ ነው ወይ? ባሕር ማዶ የሞተስ ይቆጠራል ወይ? በኋላም ሬሳ ስለሌለ ድንኳኑ ለአንድ ቀን፣ ንፍሮው ግን እንደ ሙሉ ለቅሶ ይሁን ብለው ፈረዱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ገቡ።

መምህርት ትርንጎ እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ኋላ ለሰሎሜ እንደነገሯት፣ ሊሉ ያሰቡት ዓረፍተ ነገር ምላሳቸው ላይ ነበር፤ ሳቅም መጥቶባቸው ነበር። ከመናገራቸው በፊት ግን ወይዘሮ እጅጋየሁ ሙሾውን አወጡ፦

ሰው አገር ስትሰፊ፣ ሰው አገር ስትለፊ፣
ልጅሽንስ ማን ያዛት፣ አንቺ እንዲያ ስትጠፊ?

ተማሪውን ሁሉ ሲጠይቁ የኖሩት ጥያቄ ዞሮ በራሳቸው ደጅ ተጠየቀ። መምህርት ትርንጎ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሲቀመጡ ያዩአቸው ያን ቀን ነው። ጩኸታቸው ከታች መንገድ ድረስ ተሰማ። አቶ አንዳርጋቸው ድንኳኑ ለሦስት ቀን መሆን ነበረበት ብለው ተጸጸቱ ይባላል።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ጎደል ሲል፣ መምህርት ትርንጎ ፊታቸውን ታጥበው መጡና፣ “ልድያ የምትባል ሰው የለችም። መጽሐፍ ናት። አታለልኳችሁ፤ ይቅር በሉኝ” አሉ።

ወይዘሮ እጅጋየሁም፣ “እንግዲያ ጠዋት ያለቀስሽው ማንን ነው፣ እታለም?” አሏቸው።

ያኔ ስለ ሰሎሜ ተናገሩ። ለሰው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ልጅቱ ያለችው ኮላ ድባ መሆኑን ሲሰሙ ሴቶቹ ክፉኛ ተቆጡ፤ አሜሪካ ስለመሰላቸው ታግሠዋል፤ ኮላ ድባ ግን ምን ማለት ነው? ልድያን በመንገድ ርቀት ይቅር ሊሏት ይችሉ ነበር። በሚመጣው የገበያ ቀን ወይዘሮ እጅጋየሁ ራሳቸው ቀስቅሰው ወደ መናኸሪያ ወስደው፣ አውቶቡስ ላይ አስቀምጠው፣ አውቶቡሱ እስኪነሣ መስኮቱን ይዘው ቆሙ። መምህርት ትርንጎ ስጦታ አልያዙም። የልጃቸውን ልክ አያውቁም ነበር።

ሰሎሜ በዚያን ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ነበረች። ኮላ ድባ ገበያ ከወይዘሮ አዝመራ ጋር ጤፍ እየሰፈረች ትሸጥ ነበር። ወይዘሮ አዝመራን እናቴ ትላቸዋለች፤ ለምን እንደምትላቸው ማስረዳት ተገቢ ነው። በዚያ በ1968 ዓ.ም. የገበያ ቀን ልጅቱን የተቀበሉት አዝመራ እስከ ማታ ያዙ፤ ማታ እናትየው አልመጡም። አቶ ቢያዝን ልጃቸውን ሊወስዱ ቢመጡ ልጅቱ ከአዝመራ ትከሻ አልወርድ አለች። በማግሥቱም እንዲሁ። ዓመት ሲሞላ ሽማግሌ ተላከና አቶ ቢያዝን አዝመራን አገቡ። ለፍቅር ነው ወይስ ለልጅቱ ሲባል፣ ወይዘሮ አዝመራ ሲጠየቁ ይስቃሉ እንጂ አይመልሱም። አምስት ልጅ ወለዱ። አገሩ ስለ እንጀራ እናት የሚተርተውን ተረት ሁሉ ሰሎሜ የሰማችው ከጎረቤት ነው፤ ቤቷ ውስጥ አላየችውም። እናትሽ የት ናት ብለው ልጆች ሲያስለቅሷት ወይዘሮ አዝመራ የሚሰጧት መልስ አንድ ነበር። ገበያ ሄዳለች፤ ትመጣለች ይሏታል።

መምህርት ትርንጎ እህል ተራውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ሰሎሜ ፊት ቆመው የጤፉን ዋጋ ጠየቁ፤ ነገረቻቸው፤ አላወቋትም። እሷም አላወቀቻቸውም። የከተማ ሴት ዋጋ ጠይቃ እንደምትሄድ ታውቃለችና ፊቷን ወደ ሌላ ገዢ መለሰች። ያወቋቸው ወይዘሮ አዝመራ ናቸው። ከተቀመጡበት ተነሡና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራርገው፣ “ምነው ትርንጎ፣ ገበያ ይህን ያህል ያቆያል?” አሏቸው። ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ለሁሉም በተሻለ ነበር።

አልቅሰው ተቃቀፉ ብሎ መጻፍ ለዚህ ወረቀት ሸጋ ነበር። አልተቃቀፉም። ሰሎሜ ቁናዋን ሞልታ፣ አስተካክላ፣ ለገዢው ገለበጠች፤ ሁለተኛም ሰፈረች። ተስፋ ቆርጠው እስኪሄዱ ድረስ ሰፈረች። መምህርት ትርንጎ በሚቀጥለው የገበያ ቀንም መጡ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ኮሌጁ ሲፈቅድላቸው፣ በገበያ ቀን እየመጡ ከወይዘሮ አዝመራ ጎን ይቀመጣሉ። አዎ፣ ተቀምጠው። የማይሸጡትን እህል እያዩ፣ ከወይዘሮ አዝመራ ጋር ስለ ዝናብ ያወራሉ። ሰሎሜ አታነጋግራቸውም። አንድ ቀን ሰሎሜ ራሷ ነፍሰ ጡር ሆና፣ በዚያች መጽሐፍ ውስጥ የልድያ ልጅ መጨረሻዋ ምን ሆነ? ብላ ጠየቀቻቸው። ታሪኩ ገበያው ሁሉ ዘንድ ደርሶ ነበር። መምህርት ትርንጎ፣ አልተጻፈም አሏት። ደራሲዋ የልጅቱን ነገር ረስታዋለች ወይም ፈርታዋለች። ሰሎሜ የመጀመሪያ ልጇን ሄለንን በ1992 ዓ.ም. ስትወልድ ሁለቱም ሴቶች አልጋዋ አጠገብ ነበሩ። ይቅር አለቻቸው ወይ ለምትሉ፣ አልፎ አልፎ ብላቸዋለች። ተመልሳ ደግሞ ትቀየማቸው ነበር።

መምህርት ትርንጎ በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው ፀዳ ላይ ትንሽ ቤት ሠሩ። አስራ አራተኛውና የመጨረሻው ነው። ከቆርቆሮው ሣጥን መጻሕፍት ዘጠኙን ወደ አማርኛ መልሰው በእጅ ጽፈዋቸዋል፤ አልታተሙም። በልድያ ታሪክ መጨረሻ ላይ የራሳቸው አራት ገጽ ጨምረዋል። በዚያ አራት ገጽ ውስጥ ልጅቱን የያዘችው የባሏ እኅት ትናገራለች። አንድ ተርጓሚ እንዲህ ማድረግ አይፈቀድለትም፤ ያውቁታል። ቢሆንም አላወጡትም።

በ2016 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጸናባቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ወደ ፀዳ ተመለሱ። መንገዱ በሚዘጋባቸው ሳምንታት ወይዘሮ አዝመራ ከኮላ ድባ መምጣት አልቻሉም ነበር፤ መምህርት ትርንጎም ሰባ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ዕድሜያቸው አልጋ ላይ እንኳ እየተገላበጡ ስለ እሳቸው ይጠይቁ ነበር። መድኃኒቱን ሳይሆን መንገዱን ነበር የሚጠይቁት። ወይዘሮ አዝመራ በሁለተኛው ሳምንት፣ ግማሹን በማኪና፣ ግማሹን በእግራቸው መጥተው ደረሱ። ሁለቱ ምን እንደተነጋገሩ ሰሎሜ አታውቅም፤ እንድትወጣ ተነግሯት ውጭ ነበረች። መምህርት ትርንጎ በሦስተኛው ቀን፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። እጃቸውን ይዘው የነበሩት ወይዘሮ አዝመራ ናቸው።

መምህርት ትርንጎ ልጃቸውን ሰሎሜ ቢያዝንን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሄለንንና ምስጢርን፣ ወንድማቸውን አያ ዳኜን፣ ቁጥራቸው የማይታወቅ ተማሪዎችንና አንድ ያልተመለሰ የፈተና ጥያቄ ትተው አልፈዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ጠይቀውታል፤ መልሱን እዚህ መጻፍ የሰሎሜ ፋንታ ነው። ልጁን የያዙት ወይዘሮ አዝመራ ናቸው። ከገበያ እስክመለስ ያዥልኝ ተብለው፣ ሃያ ዓመት የያዙ። ከፊት መሥመር፣ ከቀኝ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ስታጽናኑ እሳቸውንም አጽናኑ።

ይህ ወረቀት ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ሰሎሜ ለወይዘሮ አዝመራ አነበበችላቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ “የእኔን አጥፊው፤ ዛሬ የእሷ ቀን ነው” አሏት።

ሰሎሜ አላጠፋችውም። መንገድ ላይ ተወልደው መንገድ ላይ የኖሩትን እናቷን ቸሩ አምላክ መቀመጥ በማይከብድበት ቦታ ያሳርፍልን፤ ያዥልኝ ለተባሉት ደግሞ ዕድሜ ይስጥልን። አሜን።